ግቢው ወይስ ትምህርቱ?

ሰሞኑን አንድ ጎረቤቴ ልጁን አስከትሎ ቤቴ መጣ። "ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይምከሩልኝ" አለ። ልጅቷ ሐረማያ ሄዳ የእርሻ ኢኮኖሚክስ መማር ትፈልጋለች። እሱ ደግሞ ከስድስት ኪሎ ወዲያ ዩኒቨርሲቲ አይታየውም። "ኢኮኖሚክስ ከሆነ የፈለገችው እዚሁ አለላት። ምን ጎድሎባት ነው እዚያ ድረስ የምትሄደው?" ቡናው ሳይፈላ ክርክሩ ጦፈ።

አባትየው ላይ አልፈረድኩም። እሸቱ ጮሌን የመሰለ ምሁር ያስተማረበት ክፍል ስሙ ቢከበር አይደንቅም። ግን ሐረማያም ትናንት የበቀለ አይደለም፤ በ1940ዎቹ የተጠነሰሰ አንጋፋ የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። ጉዳዩ የሁለት ስም ፉክክር ሳይሆን የሁለት ትምህርት ልዩነት ነው። አንዱ የዋጋ ንረትን፣ በጀትን፣ ባንክንና የውጭ ንግድን ይዞ አገርን በጅምላ ያያል። ሌላው ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ገበሬው በመኸር ሰሞን በርካሽ የሸጠውን እህል በክረምት ለምን በውድ እንደሚገዛ ይጠይቃል።

እኛ ግን ይህን አንጠይቅም። የምንጠይቀው ከተማው ይሞቃል ወይ፣ ዶርሙ ውሃ አለው ወይ፣ ዘመድ በአቅራቢያ አለ ወይ ነው። እነዚህም ቁም ነገር ናቸው፤ ልጅ ተርቦ አይማርም። የትምህርቱ ዓይነት ግን መጨረሻ ላይ እንኳ አይነሳም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከኢኮኖሚክስ ተሰደው የመጡ ተማሪዎች ነበሩኝ። "ወሬ መስሎን ገባን፤ ሒሳብ ሆኖ ጠበቀን" ይሉኝ ነበር። ካልኩለስና ኢኮኖሜትሪክስ እንዳለበት ማን ነገራቸው?

ጥፋቱ የወላጅ ብቻ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ አዲስ ገቢ መጀመሪያ የጋራ ኮርስ ይወስዳል፤ ክፍል የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ግቢው ቀድሞ ከተመረጠ፣ ትምህርቱ እዚያ በተገኘው ይወሰናል ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ በብሮሹር የሚያሳዩን በራቸውንና አበባቸውን ነው። ማን እንደሚያስተምር፣ ስንት የሒሳብ ኮርስ እንዳለ፣ ተማሪዎቻቸው በ2015 ዓ.ም በተጀመረው የመውጫ ፈተና እንዴት እንደሆኑ ለመራጩ አስቀድሞ መንገር ግዴታቸው ሊሆን ይገባ ነበር።

ወደ ልጅቷ ዞሬ "ለምን የእርሻውን?" አልኳት። እስከዚያች ሰዓት የጠየቃት አልነበረም።

"አያቴ ሽንኩርት ዘርተው ዋጋው ወደቀ፤ ለቀማውን እንኳ ስለማይሸፍን ማሳው ላይ በሰበሰ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

አባትየው አቀረቀረ። ሴትዮዋ እናቱ ናቸው።

ሐሳቡን ያኔውኑ ለወጠ ብዬ አልዋሽም። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ "ለመሆኑ ጋሼ፣ የዚያኛው ሒሳብ ይከብዳል እንዴ?" አለኝ።

ከመጣ ጀምሮ ስለ ትምህርቱ የጠየቀኝ ይህንን ብቻ ነው።