ሃያ ቁስለኞችና አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቁስለኞች

ልጆቻችን ስለ አፄ ቴዎድሮስ አሟሟት ሲጠይቁን ከአባቶቻችን የሰማነውን እንነግራቸዋለን። እነርሱ ግን የተጻፈ ነገር ይፈልጋሉ። ከተጻፉት ዋነኛው ሆላንድና ሆዚየር የተባሉ የእንግሊዝ መኮንኖች አዘጋጅተውት በ1870 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በሁለት ጥራዝ የታተመው የዘመቻው መዝገብ ነው።

የሚመሰገንበት ነገር አለው። ስንቁን፣ በቅሎውን፣ መድፍ የተሸከሙትን 44 ዝሆኖች ሳይቀር ይቆጥራል። ዙላ ላይ የጭነቱ ሥራ እንደተበላሸ፣ በቅሎዎቹ በውኃ ጥምና በበሽታ እንዳለቁም አይሸሽግም። የታመመ ወታደር እንዴት እንደሚጓዝ አስቀድሞ ታስቦበታል። ከመቅደላ እስከ ቀይ ባሕር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ገደልና ዳገት ነው። መራመድ ያቃተው «ዱሊ» በሚባል አልጋ ላይ ይተኛል፤ አልጋው በረጅም እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ከህንድ የመጡ ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ በትከሻቸው ይይዙታል። በሰንዓፌ በኩል የሱሩን ጠባብ ሸለቆ ወርዶ ዙላ ሲደርስ የሆስፒታል መርከብ ይጠብቀዋል። ያን ሁሉ ቁልቁለት በባዶ ትከሻ መውረድ እንኳ ቀላል አይደለም። ተሸካሚዎቹ ግን በብዛታቸው እንጂ በስማቸው አይታወቁም።

ነቀፌታዬ ግን ከዚህ ይበልጣል። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 እ.ኤ.አ. አሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ሲሆኑ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ከቴዎድሮስ ወገን ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ ወደ 700 ሰው እንደሞተ፣ ወደ 1,200 እንደቆሰለ ይገመታል። የሃያዎቹን መንገድ እስከ መርከቡ ድረስ መከተል እንችላለን። የ1,200ው መንገድ በግምቱ ላይ ይቆማል። ማን አነሣቸው? ቃሬዛውን ከምን ሠሩት? በዝናብ በረጠበው ዳገት ላይ ስንት ጊዜ አሳረፏቸው? በሱዳን በኩል በእግራችን የመጣን ሰዎች በሽተኛ ተሸክሞ መሄድ ምን እንደሆነ ስለምናውቅ፣ ይህን ጥያቄ ዘልለን ማለፍ አንችልም።

መዝገቡ ውሸት ነው አልልም። የተጻፈው ለጦር ሚኒስቴሩ ነውና የሚቆጥረው የራሱን ሰው ነው። ስለዚህ ለልጆቻችን ስናነብላቸው ቁጥሩ ላይ ቆም ብለን፣ እያንዳንዱን ቁስለኛ አንድ ወንድም ወይም አንድ ጎረቤት ተሸክሞት እንደነበር እንንገራቸው። ሚያዝያ 13 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ ከአራት ቀን በኋላ ተቃጠለች። አምባው ላይ የነበሩትም ቁስለኞች እንደገና መነሣት ነበረባቸው።