የመድኃኒት ምድቦች የአማርኛ ስያሜ፤ ትችታዊ አስተያየት

የነርስነት ተማሪ የመድኃኒት ምድቦችን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለበሽተኛው የሚያስረዳው ግን ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው። ስለዚህ የአማርኛው ስያሜ ከተሳሳተ ስሕተቱ ከመዝገበ ቃላት ወጥቶ አልጋው አጠገብ ይደርሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገልግሎት ላይ ካሉት ስያሜዎች ጥቂቶቹን መመርመር ነው።

በመጀመሪያ «ደም ማቅጠኛ» የሚለውን እንመልከት። ዋርፋሪንም ሆነ ሄፓሪን ደምን አያቀጥኑም፤ የሚገቱት የመርጋቱን ሂደት ነው። በአማርኛ ቀጠነ የሚባለው ውሃ የበዛበት ወጥ ነው። ስለሆነም «ደምዎን የሚያቀጥን ነው» የተባለ በሽተኛ ደሜ ሊያንስ ነው ብሎ ክኒኑን ቢተው አይፈረድበትም። ከዚህም በላይ አስፒሪን በዚሁ ስም ይጠራል። አስፒሪን የሚሠራው በደም አርጊ ሕዋሳት ላይ ሲሆን፣ ዋርፋሪን ግን የጉበትን የአርጊ ፕሮቲኖች ሥራ የሚያውክና በየጊዜው የደም ምርመራ የሚያስፈልገው ነው። አንዱ ስም ሁለቱን ምድቦች ያምታታል። «የደም መርጋት መከላከያ» ቢረዝምም እውነቱን ይናገራል፤ ለአስፒሪን ዓይነቶቹ ደግሞ የተለየ ስም ያስፈልጋል።

«ፀረ ተሕዋስያን»ም ለአንቲባዮቲክ ሲውል ከመጠን በላይ ይሰፋል፤ ቫይረስም ፈንገስም ተሕዋስያን ናቸውና። ጉንፋን የያዘው ሰው ፔኒሲሊን ቢጠይቅ ስያሜው ራሱ ይደግፈዋል። «ፀረ ባክቴሪያ» ይሻላል። «የሚያሸና» ነውር መስሎ የሚታያቸው ቢኖሩም ለእኔ ግልጽና በቂ ነው። «ማስታገሻ»ን ግን ማንም እንዳይነካው፤ ሕመሙ ጋብ ማለቱን እንጂ በሽታው መዳኑን አይናገርም።

ይበልጥ የሚያከራክረው የፊደሉ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1950 ያጸደቀውና የመጀመሪያው ዝርዝር በ1953 የወጣው ዓለም አቀፍ የስያሜ ሥርዓት ዘመድ መድኃኒቶችን በጋራ መድረሻ ያስተሳስራል። አምፒሲሊንና አሞክሲሲሊን በ«ሲሊን»፣ ካፕቶፕሪልና ኢናላፕሪል በ«ፕሪል» ይታወቃሉ። እነዚህ በእኛ ፊደል ሳይቆረጡ ይገባሉ፤ ብቻ አንዱ ጸሐፊ «ሲሊን» ሌላው «ስሊን» እንዳይል ያስፈልጋል። የልብ ምትን የሚያዘገዩት ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ግን ይለያሉ። በላቲኑ የጋራ የሆነው መድረሻ በአናባቢ ይጀምራል፤ በእኛ ፊደል ያ አናባቢ በ«ኖ» እና በ«ሮ» ውስጥ ተሰውሮ ለዓይን የሚቀረው «ሎል» ብቻ ነው። ላቤታሎልና ካርቬዲሎልም በ«ሎል» ያበቃሉ፤ እነርሱ ግን ከቤታ ሌላ አልፋ ተቀባዮችንም የሚያግዱ ናቸው። መፍትሔው ከራሳችን የፊደል ትምህርት ይገኛል፦ ከ«ሎል» በፊት ያለው ፊደል ሳብዕ ከሆነ የመጀመሪያው ወገን ነው፤ በላቤታሎል ራብዕ፣ በካርቬዲሎል ሣልስ ነው። የፊደል ገበታን የቆጠረ ተማሪ ይህን በቀላሉ ይይዛል።

«ዞል»ን ለብቻው መያዝ ግን አደገኛ ነው። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል፣ ሜትሮኒዳዞል አሜባንና ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ያጠቃል፣ ፍሉኮናዞል ፈንገስን ይገታል። መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች «ፕራዞል»፣ «ኒዳዞል»፣ «ኮናዞል» ብለው ሙሉውን ይስጡ።