የራሔል ዝምታ፦ የጅቡቲ ቋንቋዎች በክሌር ዴኒ ልብ አንጠልጣይ ሲኒማ

በጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ ዋጋ በሶማልኛ ተጠይቆ በዐፋርኛ ወይም በዐረብኛ ሊመለስ ይችላል፤ አትክልቱ ከኢትዮጵያ የመጣ ከሆነ አማርኛም ይገባበታል፤ ፈረንሳይኛም ከመካከላቸው አይጠፋም። ይህን ጫጫታ በጆሮው ይዞ የክሌር ዴኒን «ቦ ትራቫይ» (እ.ኤ.አ. 1999) የሚመለከት ሰው ፊልሙ የተቀረጸባት ከተማ ድምፅዋን የት እንደ ጣለች መጠየቁ አይቀርም።

ዴኒ እ.ኤ.አ. በ1946 ፓሪስ ተወለደች፤ አባቷ የቅኝ ግዛት ሹም ስለ ነበር ልጅነቷን ያሳለፈችው በአፍሪካ ነው። ለቪም ቬንደርስና ለጂም ጃርሙሽ በረዳትነት ከሠራች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1988 «ሾኮላ»ን ይዛ ብቅ አለች። ወንጀል ደጋግሞ ይስባታል፤ አፈታቱ ግን እምብዛም አያስጨንቃትም። ፍርሃትን የምትገነባው ከተነገረው ይልቅ ከተከለከለው ቃል ነው።

ይህ ስልት ከሁሉ በላይ የሠመረላት «ጄ ፓ ሶሜይ» (1994) በተሰኘው ፊልሟ ነው። ፓሪስ ውስጥ አሮጊቶችን የሚገድል ሰው አለ። ፈረንሳይኛዋ ገና ያልጠና ዳይጋ የምትባል የሊቱዌንያ ስደተኛ ከተማይቱን በዐይኗ ታነባለች፤ ገዳዩንም ትለየዋለች። የቋንቋ ማነስ እዚህ ላይ የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ እንዲያውም ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው እርሱ ነው።

«ቦ ትራቫይ» ግን ሌላ ነው። መነሻው የሜልቪል «ቢሊ በድ» ሲሆን፣ የፈረንሳይ የውጭ ሌጌዎን የበታች ሹም ጋሉፕ በወታደሩ በሳንቴን ላይ ያደረበትን ቅናት ይተርካል። ትረካው ማርሴይ ተቀምጦ በፈረንሳይኛ የሚያስታውሰው የጋሉፕ ድምፅ ነው። ወታደሮቹም ብዙ አይናገሩም፤ የእነርሱ ዝምታ ግን በልምምድ፣ በመዝሙርና ልብስ በመተኮስ ሥርዐት የተሞላ ነው። ሰውነታቸው ይናገርላቸዋል።

የራሔል ዝምታ እንዲህ አልተሞላም። የጋሉፕን ወዳጅ የምትጫወተው ማርታ ታፈሰ ካሳ ናት። ስሟ ለፈረንሳዊ ተመልካች ምናልባት አንድ የባዕድ ስም ብቻ ነው፤ ለአማርኛ ሰሚ ግን የቤት ስም ነው፤ ከየት መጣሽ፣ ማንን ትተሽ መጣሽ የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ፊልሙ ይህን ጥያቄ አልሰማም። ራሔል ትደንሳለች፣ ትታያለች፤ ስለ ጋሉፕ የምታውቀውን ግን የሚጠይቃት የለም። ዳይጋ የተሰጣት የማወቅ መብት ለራሔል አልተሰጣትም።

ይህን ጉድለት የሲኒማ ፎቶግራፍ ባለሙያዋ የአኜስ ጎዳር ውበት ሲሸፍነው ኖሯል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» ባካሄደው የሐያስያን ምርጫ 7ኛ ሆኗል፤ ክብሩም ይገባዋል። ይሁንና ዴኒ ራሷ መልሱን ሳታውቀው አልቀረችም። ጋሉፕ ኮምፓሱን አበላሽቶ በረሓ የጣለውን ሳንቴንን ከጨው ሜዳ የሚያነሡት የአገሩ ሰዎች ናቸው። በአውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት ትንከባከበዋለች። የሌጌዎኑ ሹማምንት የሞተ የመሰላቸው ሰው በሕይወት እንዳለ የሚያውቁት እነዚህ መንገደኞች ብቻ ናቸው፤ ስማቸው ግን አይነገረንም፤ ታሪኩም ወደ ማርሴይ ይመለሳል።