የፖርት ቆጣሪ ሕግ፦ አርኤፍሲ 2863 ከደብረ ታቦር ሲነበብ

የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ግቢ ገብቶ ቁጥሩን ስላየ ብቻ ሂሳብ አይወጣም፤ ያለፈው ወር ንባብ ተቀንሶ ነው የሚወጣው። በስዊች ፖርት ላይ የሚታዩት የትራፊክና የስህተት ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች የሚተረጉመው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ አርኤፍሲ 2863 ነው። ኪት ማክሎግሪና ፍራንክ ካስተንሆልዝ አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በጁን 2000 ወጣ፤ ስዊችም ሆነ ራውተር በኤስኤንኤምፒ (በኔትወርክ መሣሪያ መከታተያው ፕሮቶኮል) ሲጠየቅ ስለ ፖርቱ ምን ብሎ መመለስ እንዳለበት ይደነግጋል። ደብረ ታቦር ላይ ኔትወርክ ስጠግን ይህን ያህል ደጋግሜ የተመለስኩበት ጽሑፍ የለም።

ብርታቱ ጎልቶ የሚወጣው ስለ ቆጣሪ መጠን ሲናገር ነው። የድሮው ቆጣሪ 32 ቢት ስለሆነ 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ደራሲዎቹ ሂሳቡን አስልተው አስቀምጠውታል፤ እስከ አፉ በሞላ መስመር ላይ የባይት ቆጣሪው በ10 ሜጋቢት በ57 ደቂቃ፣ በ100 ሜጋቢት በ5.7 ደቂቃ፣ በ1 ጊጋቢት ደግሞ በ34 ሰከንድ ይዞራል። በየ5 ደቂቃው የሚያነብ ግራፍ በጊጋቢት መስመር ላይ ቆጣሪው ስምንት ጊዜ ሲዞር አንዱንም አያይም፤ የታፈነው መስመር ባዶ መስሎ ይታያል። ሰነዱ ከ20 ሜጋቢት ለሚበልጥ ፖርት 64 ቢት የባይት ቆጣሪ ግዴታ ያደረገው ለዚህ ነው።

ለእኛ አገር ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለው። ክረምት ላይ ከጉና ተራራ በኩል ነጎድጓዱ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ ስዊቹ ሲነሣ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል። ይህን ያላስተዋለ ባለሙያ ትናንት ብዙ የነበረ ስህተት ዛሬ ሲያንስበት ችግሩ ተፈታ ይላል። ሰነዱ ግን ቆጣሪ የሚታመነው በሁለት ንባብ መካከል ካልተቋረጠ ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ ስለዚህ መሣሪያው ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው አብሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ሰነዱ መሣሪያው ሳይጠፋ የፖርቱ ቆጣሪ ብቻ ቢቋረጥ እንኳ ጊዜውን የሚይዝ ራሱን የቻለ መዝገብ አበጅቶለታል።

የሰነዱ ድክመት ስህተት አቆጣጠሩ ላይ ነው። የተበላሸ ገቢ ፓኬት ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል፤ ምን እንዳበላሸው አይለይም። አንድ መሥሪያ ቤት ኢንተርኔቱ ዘገየ ብሎ ፍጥነት አስጨምሮ ነበር፤ ለውጥ ግን አልመጣም። ስሄድ የስህተቱ ቁጥር ይጨምራል፣ ይህ ጥቅል ቁጥር ግን ከዚያ ያለፈ የሚያሳየኝ ነገር አልነበረውም። ኬብሉን በእጄ ይዤ ስከተለው በበሩ መቃን ሥር ያልፋል፤ ልባሱ ተላልጦ ሽቦው ተጨፍልቋል። በሩ በተዘጋ ቁጥር የሲአርሲ (በመንገድ ላይ የተበላሸ ፍሬም የሚለይበት ማረጋገጫ) ስህተት ቆጣሪው ይዘላል። ኬብሉ ተቀየረ፣ ቁጥሩም ቆመ።

ሲአርሲውን ለይቶ ያሳየኝ አርኤፍሲ 2863 አይደለም። ያ ዝርዝር ያለው ጆን ፍሊክ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2003 በወጣው አርኤፍሲ 3635 ውስጥ ነው፤ የሲአርሲ ስህተትን፣ ዘግይቶ የሚመጣ ኮሊዥንን፣ ከልክ ያለፈ ፍሬምን በየራሱ ይቆጥራል። አንዱ ጫፍ ፉል ዱፕሌክስ ሌላው ሃፍ ዱፕሌክስ ሲሆን በሃፉ በኩል የዘገየ ኮሊዥን፣ በፉሉ በኩል የሲአርሲ ስህተት ይበዛል፤ ይህን የሚያጋልጠው ይኸው ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው ሰነድ ሁሉንም ዓይነት ፖርት ለማቀፍ የተጻፈ በመሆኑ የኢተርኔትን ገመና ለሌላ መተዉ ይገባኛል። ቢሆንም ጠጋኝ እሱን ብቻ ይዞ ቢሄድ መንገድ ላይ ይቀራል።

በአንጻሩ ስህተትንና መጣልን መለየቱ ትልቅ ውለታ ነው። የተጣለ ፓኬት ጤነኛ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚጣለው ማቆያው ሞልቶ ቦታ ሲያጣ ነው። ስህተት ሲጨምር ኬብሉንና ማገናኛውን እንፈትሻለን፤ መጣል ሲጨምር ስለ መጨናነቅ እናስባለን። ያ መሥሪያ ቤት ይህን ልዩነት የሚነግረው አግኝቶ ቢሆን ገንዘቡን ፍጥነት ላይ አያፈስም ነበር።

ቋንቋው ደረቅ ነው፣ ለጀማሪም ይከብዳል። እንዲያም ሆኖ ኔትወርክ የምታስተምሩ መምህራን ከአርኤፍሲ 3635 ጋር አጣምራችሁ ለተማሪዎቻችሁ አስነብቡት። ጥገና ላይ ያላችሁ ወንድምና እህቶቼም ነገ ጠዋት ፖርቱን ስታዩ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፉት፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት።