ስለ ጥቃቅን የሥጋ ናሙናዎች አያያዝና ምልክት አደራረግ የቀረበ ትችት

የሂስቶሎጂ ትምህርት በሚሰጥበት ቤት ሁሉ ከፍ ያለውን ምስጋና የሚቀበሉት ቀለምና ማይክሮስኮፕ ናቸው። ሄማቶክሲሊን የሕዋሱን አስኳል እንዴት ሰማያዊ እንደሚያደርገው፣ ኢዮሲንም በዙሪያው ያለውን እንዴት ሮዝ እንደሚያደርገው ተማሪው በቃሉ ያጠናል፤ በፈተናም ይጠየቃል። ነገር ግን ቀለም የሚገባው ሥጋ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ በሆነ ጊዜ፣ ከብልቃጡ ወጥቶ እስከ ስላይዱ ድረስ ሳይጠፋ፣ ሳይጨፈለቅና ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ እንዴት እንደሚደርስ ቢጠየቅ፣ የምናገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ «በጥንቃቄ መያዝ ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ነው። ጥንቃቄ መልካም ጠባይ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ዳሩ ግን ጠባይ ብቻውን የሥራ ዘዴ ሊሆን አይችልም።

ጤፍ ስሙን ያገኘው ከእጅ ከወደቀ ስለሚጠፋ ነው ይባላል። ዛሬ ወደ ላቦራቶሪ ከሚመጡት ናሙናዎች ብዙዎቹ በዚህ ረገድ የጤፍ ዘመዶች ናቸው። ሐኪሙ በኢንዶስኮፕ ከጨጓራ ወይም ከምግብ ቧንቧ የሚቆነጥረው ሥጋ ወርዱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በ18 ጌጅ መርፌ የሚወጣውም እንደ ክር የቀጠነና ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ነው። ፎርማሊን ሥጋን ለማጽናት እንደሚያገለግል ፈርዲናንድ ብሉም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1893 ካስታወቀ ወዲህ፣ ናሙናው የሚያልፍባቸው ዋና ዋና ጣቢያዎች፣ ይኸውም ፎርማሊን፣ አልኮል፣ ዛይሊን፣ የቀለጠ ፓራፊን፣ ማይክሮቶምና ስላይድ፣ በአብዛኛው እነዚያው ናቸው። እጅግ የተለወጠው የናሙናው መጠን ነው። ስለዚህ ለትልቅ ሥጋ በተበጀ መንገድ ትንሹን እንዲሁ መላክ ተገቢ አይመስለንም።

ጉዳዩ የላቦራቶሪ ሰዎች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በአገራችን በአርሲና በባሌ በኩል የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ የታወቀ ነው። ምግብ መዋጥ ያቃተው ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ቱቦ በጉሮሮው ገብቶ የተወሰደችለት ሥጋ ብትጠፋ፣ እንደገና ና ማለት በአፍ ቀላል ነው፤ ለበሽተኛው ግን ሁለተኛ ሥቃይ፣ ሁለተኛ የመንገድ ወጪና የባከነ ጊዜ ነው። እጢው እጅግ ትንሽ ከነበረም የተወሰደችው ቁራጭ እርሱኑ ጨርሳ ይዛ መጥታ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚደገም ነገር የለም።

መጀመሪያ የምንተቸው የአቆጣጠሩን ልማድ ነው። በመዝገብ ላይ «ጥቂት ቁርጥራጭ ሥጋ» ተብሎ ሲጻፍ ይታያል። ጥቂት ማለት ሦስት ነውን ወይስ ስድስት? ናሙናው ሲደርስ ቁጥሩ፣ የትልቁና የትንሹ ቁራጭ ልክ በሚሊሜትር፣ መልኩም ሊጻፍ ይገባል። ይኸው ቁጥር ወደ ካሴት ሲገባ፣ በሰም ሲቀበርና ስላይዱ ሲታይ በድጋሚ ይመሳከራል። አራት ተብሎ የተጻፈው በሰም መቅበሪያው ላይ ሦስት ሆኖ ቢገኝ፣ ፍለጋው በዚያው ሰዓት ይጀመራል፤ የካሴቱ ክዳን፣ የተጠቀለለበት ወረቀት፣ ብልቃጡና የብልቃጡ ክዳን ሳይጣሉ ይመረመራሉ። ቁጥሩ ካልተጻፈ ግን የጠፋው መጥፋቱን የሚያውቅ የለም። ሐኪሙም «ካንሰር አልተገኘም» የሚለውን መልስ ሲቀበል፣ በሽታው ያለበት ቁራጭ ምናልባት በክዳን ላይ ደርቆ ቀርቶ እንደሆነ ሊጠረጥር አይችልም።

ቁጥር የሚጠብቀው ከመጉደል ብቻ አይደለም፤ ከመጨመርም ይጠብቃል። በመክተፊያው፣ በወረንጦው፣ ወይም ስሱ ቁራጭ በሚዘረጋበት የሞቀ ውኃ ላይ የቀረ የአንዱ በሽተኛ ብናኝ ከሌላው ስላይድ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ትልቅ ሥጋ በሆነ ጊዜ እንግዳው ብናኝ ወዲያው ይለያል፤ ናሙናው ሁሉ ብናኝ በሆነ ጊዜ ግን እንግዳውን ከባለቤቱ ማን ይለየዋል? እርግጥ ነው፣ አንዳንዱ ቁራጭ በመንገድ ተሰብሮ ቁጥሩ ሊበዛ ይችላል፤ ቢሆንም ሦስት የተባለው አምስት ሆኖ ሲገኝ መጠየቅ ይገባል። ወረንጦውን በእያንዳንዱ ናሙና መካከል መጥረግ፣ ከሥሩ የተነጠፈውን ወረቀት መለወጥ፣ አንድ ብልቃጥ ሳይዘጋ ሌላውን አለመክፈት፣ ውኃውንም እየጠረጉ መሥራት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው የምንተቸው ነገር ትንሹን ሥጋ ለመያዝ የሚመረጠው ዕቃ ነው። የካሴቱ ቀዳዳ ቁራጩን እንዳያሳልፍ ተብሎ ሥጋው በሁለት ስፖንጅ መካከል ይቀመጣል። ስፖንጁ ከመጥፋት ያድናል፤ ነገር ግን ሲጫነው ሦስት ማዕዘን ያላቸው ባዶ ቦታዎችን በሥጋው ላይ ያትማል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ የዕቃውን አሻራ የሥጋው ጠባይ አድርጎ ሊያየው ይችላል። በጨርቅ ፋሻ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ቁራጩ ከክሩ ጋር ይጣበቃል፣ ቶሎም ይደርቃል። የወንፊት ከረጢት መልካም ነው፤ ሆኖም በስፌቱ ጥግ የተሸጎጠውን ፈልጎ ማውጣት ያስፈልጋል። እኛ ከሁሉ የምንመርጠው መነጽር የሚጠረግበትን ስስ ወረቀት በፎርማሊን አርሶ መጠቅለልን ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ አሻራም አይተውም። ጉድለቱ ትንሿ ቁራጭ በእጥፋቱ ውስጥ መደበቋ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ሲፈታ ከሥሩ ሳሕን አድርጎ እጥፋቱን ሁሉ ማየት ግዴታ ነው።

«ከእጅ አይሻል ዶማ» የተባለው በወረንጦ ላይም ይሠራል። ጥርስ ያለው ወረንጦ ትንሹን ሥጋ ሲይዝ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቁ ሕዋሳትም፣ በተለይ የሊምፍ ሕዋሳትና የአንዳንድ ካንሰር ሕዋሳት፣ አስኳላቸው እንደ ክር ይጎተትና ምን እንደነበሩ መለየት ያስቸግራል። ቀጭን ብሩሽ፣ የተሳለ እንጨት፣ ወይም አፈ ሰፊ ፒፔት ይህን ጉዳት አያደርስም። ደግሞም ለትልቅ ሥጋ በተወሰነው ሰዓት ልክ ትንሹን በአልኮልና በሰም ውስጥ ማቆየት አድርቆ ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ከምላጩም ሥር ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ሰዓቱ እንደ መጠኑ መቀነስ አለበት።

ሦስተኛው ነጥባችን ስለ ቀለም ምልክት ነው። የነጣው ሥጋ በነጭ ሰም ውስጥ ሲገባ ዓይን አያየውም፤ ማይክሮቶሙን የያዘው ሰውም ሥጋው የት እንደሚጀምር ሳያውቅ ሰሙን ሲሞርድ ቁራጩን አብሮ ሊጨርሰው ይችላል። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ በ4 ማይክሮን ቢቆረጥ ቢበዛ 250 ስስ ቁራጭ ይወጣዋል፤ በሞረዳው ጊዜ የሚባክነውም ከዚሁ የሚቀነስ ነው። ከመጨረሻዎቹ የአልኮል መታጠቢያዎች በአንዱ ውስጥ ጥቂት ኢዮሲን መጨመር ሥጋውን ሮዝ አድርጎ ያሳያል፤ ቀለሙም ኋላ ስላይዱ በአልኮልና በውኃ ሲታጠብ ይለቃል። ይህን ዘዴ እናመሰግናለን። ሆኖም ያለ ማስጠንቀቂያ መመከሩን እንተቻለን። ኢዮሲን በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሥር በራሱ ያበራልና፣ ለዚያ ዓይነት ምርመራ የተመደበ ናሙና ከመነከሩ በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

የጠርዝ ምልክትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የተቆረጠበትን ጠርዝ ለማሳየት ጥቁር የሥዕል ቀለም ተቀብቶ በአሴቲክ አሲድ እንዲጣበቅ ይደረጋል። ቁራጩ ትንሽ ሲሆን ቀለሙ በስንጥቁ ሰርጎ ጠርዝ ያልሆነውን ጠርዝ ያስመስለዋል። ቀይ ቀለም ደግሞ ከኢዮሲን ጋር ስለሚመሳሰል መቅረት አለበት። አንዳንዶች ከግራና ከቀኝ የመጡትን ቀጫጭን ናሙናዎች በልዩ ልዩ ቀለም ለይተው በአንድ ሰም ውስጥ ያስቀምጧቸዋል፤ ሰምና ስላይድ ይቆጥባሉ። ዕቃ በሚያጥርበት አገር ቁጠባን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ቀለሙ ቢለቅ ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ ይህ የሚፈቀደው የቀለሙ ዓይነትና የቦታው አቀማመጥ ሁለቱም በመዝገብ ሲጻፉ ብቻ ነው እንላለን።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ተገቢውን ክብር ያላገኘው አጋር ይመስለናል። ይህን ከባሕር ተክል የሚገኝ ነገር ለላቦራቶሪ ያሰበችው ፋኒ ሄሰ ናት፤ በወጥ ቤት ለጣፋጭ ምግብ ማርጊያ ታውቀው ነበርና፣ ባሏ በሮበርት ኮህ ዘንድ ይሠራ በነበረበት በ1881 ገደማ ለባክቴሪያ ማሳደጊያ እንዲሆን አመለከተች። ለእኛም ይጠቅማል፤ ከጸኑ በኋላ ብናኞቹ በቀለጠ አጋር ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ሲረጋም እንደ አንድ ሥጋ በወረንጦ ይነሣሉ፣ በሚፈለገውም ወገን ይቆማሉ። እርግጥ አጋሩ እጅግ ሞቆ ከሆነ ሥጋውን ይጎዳል፤ ወፍራም ከሆነም አልኮልና ሰም እንዳይገባ ያዘገያል። ለብ ሲልና በስሱ ሲሠራበት ግን ከስፖንጅ ይሻላል።

በመጨረሻ ስለ ስም እንናገራለን። የብልቃጡ ጽሑፍ በክዳኑ ላይ ሳይሆን በገላው ላይ ይሁን፤ ክዳን ይለዋወጣልና። በካሴትና በስላይድ ላይ በተራ እስክሪብቶ የተጻፈ በአልኮልና በዛይሊን ይጠፋል፤ እርሳስ ግን ይጸናል። በአገራችን ደግሞ ልዩ ችግር አለ። በስምና በአባት ስም ብቻ የሚመሳሰሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍም በየጸሐፊው ይለያያል፤ ያው ሰው ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰዎችም አንድ ሰው ይመስላሉ። ስለዚህ የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ሳይጨመር ናሙና መቀበል አይገባም።

ሰው ጥቂት፣ ሥራ ብዙ በሆነበት ቤት ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል የሚሉ ይኖራሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ለእነርሱ በቂ መልስ ነው። ሌሎች ደግሞ የባርኮድ መሣሪያ ሲገባ ነገሩ ያበቃል ይላሉ። መሣሪያው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የሚያነበው የካሴቱን ቁጥር ነው። በካሴቱ ውስጥ ሦስት ቁራጭ ይኑር ሁለት የሚያውቀው አይቶ የቆጠረው ሰው ነው።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። በተግባር ፈተና ጊዜ ተማሪው ስለ ቀለሙ ውበት ብቻ ከሚመዘን፣ ስድስት የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ቁራጮች ተሰጥተውት ስድስቱንም በቁጥር፣ በልክና በምልክት እስከ ስላይድ ማድረሱ ይመዘን። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው ተማሪ፣ በተለይም ስፖንጅን ወይም በአንድ ሰም ብዙ ናሙና ማስቀመጥን የሚደግፍ፣ ምክንያቱን በዚሁ መጽሔት ቢያቀርብ በደስታ እናነባለን።