ስለ ዝነኞች የስፖርት ሸክላ

ሸክላ ዘፈን የሚሰማበት ዕቃ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን በዚያው ሸክላ ላይ «አንድ፤ ሁለት፤ ጕልበት እጠፍ» የሚል የዝነኛ ሰው ድምፅ ተቀርጾ ይሸጥ እንደ ነበር ብዙ ወጣት የሰማ አይመስለኝም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. አሜሪካዊቷ የሲኒማ ተዋናይ ጄን ፎንዳ የስፖርት ትምህርቷን በሁለት ሸክላ አወጣች። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊቷ ተዋናይ ፌሊሲቲ ኬንዳል የራሷን አቀረበች፤ በሚቀጥለውም ዓመት በጡንቻው የታወቀው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር የርሱን ጨመረ። የሸክላው ወረት አልፏል፤ ልማዱ ግን አላለፈም። እኔ በምኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ በሩን ዘግቶ፥ ስልኩን ከግድግዳ አስደግፎ፥ ከሩቅ አገር ዝነኛ ጋራ የሚዘል ወጣት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው ይገባናል።

የሸክላው ጉድለት ዓይን የሌለው መሆኑ ነው። የእንቅስቃሴው ሥዕል ታትሞ አብሮት ቢመጣም፥ ሰው ሥዕል እያየ እንዴት አድርጎ ይዘላል? ወገቡ ቢጣመም፥ ጕልበቱ ወደ ውስጥ ቢያጋድል «ተው፤ እንደዚህ አይደለም» የሚለው የለም። ለሃያ ዓመት ጎረምሳና ለስድሳ ዓመት አዛውንት ቍጥሩ አንድ ነው። የስልኩም ቪዲዮ አስተማሪውን አሳየን እንጂ ተማሪውን አያይም።

ፍርድ እንዳላጓድል፥ ነገሩ ጥቅም አልነበረውም አልልም። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ወንዶች ወደ ሞሉበት የስፖርት ቤት መግባት ይከብዳቸው ነበር፤ የፎንዳ ትምህርት በገዛ ቤታቸው ሰውነታቸውን እንዲያፍታቱ ረዳቸው። ምትም ድካምን ያስረሳል፤ ይህን ደቦ የወጣ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ የተሸጠው ምት ብቻ አልነበረም። ፎንዳ ፊልም ስትሠራ እግሯ ተሰብሮ ባሌት መሥራት ባቃታት ጊዜ፥ ሌኒ ካዝደን ከምትባል መምህርት ዘንድ ሄዳ ተማረች። እንቅስቃሴውን ያቀናበረችው መምህርቷ ናት፤ ስሙና ገንዘቡ ግን ለተማሪዋ ሆነ። የፎንዳ ቪዲዮዎች በጠቅላላ ወደ 17 ሚሊዮን እንደ ተሸጡ ይነገራል፤ ከገዢዎቹ መካከል ካዝደን የሚለውን ስም የሰማ ስንት ይሆን?

ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ። ፎንዳ በ2005 ዓ.ም. ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ፥ ከወጣትነቷ ጀምሮ ለብዙ ዓመት የበላችውን መልሳ ታስወጣ እንደ ነበር ገልጣለች። እውነቱን ስለ ተናገረች አከብራታለሁ። ነገር ግን በሽፋኑ ላይ ያለውን ወገብ አይታ የተመኘች ልጅ፥ ባለቤቲቱ ራሷ ከዚያ ሰውነት ጋራ ስትታገል እንደ ኖረች ከየት ታውቃለች? ሽፋን ይህን አይናገርም። ዛሬም በስልካችሁ የምታዩት ዝነኛ ከምን ጋራ እንደሚታገል አይነግራችሁም።

ኮልፌን ካነሣሁ አይቀር፥ ወጣቶች ሆይ፥ በሰፈራችን የሠለጠነ አንድ ዝነኛ ሰው አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ዓ.ም. በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ሠራዊት ሰፈር ለሁለት ወር ያህል የውትድርና ትምህርት ተምሯል። ጠመንጃ፥ ጥይትና ጥቂት ውሃ ይዞ በተወሰነ ሰዓት ከሩቅ ቦታ መድረስ ከትምህርቱ አንዱ ነበር። አስቀድሞ ቦክስ ይለማመድ ስለ ነበር ሰውነቱ ለድካም እንግዳ አልነበረም። በኋላ በሮበን ደሴት ታስሮ ሳለ በጠባቧ ክፍሉ ውስጥ እስከ 45 ደቂቃ በቆመበት ይሮጥ፥ በጣቶቹ ተደግፎ 100 ጊዜ ይነሣ፥ ሆዱን ለማጠንከር 200 ጊዜ ይታጠፍ፥ 50 ጊዜም ቍጢጥ ብሎ ይነሣ ነበር። ሙዚቃ የለ፥ ቈጣሪ የለ፤ ከዚያ ክፍል ውጭ ያየውም ሆነ ያጨበጨበለት አልነበረም።

የኛን ሰፈር አሠልጣኞችም ተመልከቱ። እሑድ ጧት በመንገድ ዳር ሕዝብ ሰብስበው ስፖርት የሚያሠሩትን ማለቴ ነው። ሥዕላቸው በሽፋን ላይ አልወጣም፤ ድምፅ ማጉያቸውም አንዳንዴ ይንኳኳል። ነገር ግን አንዲት እናት ክንዳቸውን አጣምመው ሲያነሡ አሠልጣኙ ቈጠራውን አቋርጦ «እማማ፥ ቀስ ይበሉ» ብሎ ሲያቃናላቸው አይቻለሁ።