መንገድ የሚጠየቅበት ጌም

ሞሮዊንድን ተጫወቱ! ሌላውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ስሙኝ። ስካይሪምን ጨርሳችሁ፣ ዘንዶውን ሁሉ ገድላችሁ፣ ተራራውን ሁሉ ወጥታችሁ፣ «አሁንስ ምን ቀረ?» የምትሉ ካላችሁ፣ የቀረው ከኋላችሁ ነው። በ2002 የወጣ፣ ሥዕሉ ያረጀ፣ የሰዎቹ አረማመድ የሚያስቅ ጌም እንዲህ እንቅልፍ ይነሣኛል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስቄበት አልፍ ነበር።

ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላስረዳ። ሁለቱም የሚገኙበት «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» የተባለው ተከታታይ ጌም የአሜሪካው ቤተስዳ ሥራ ነው። አሬና በ1994፣ ዳገርፎል በ1996፣ ሞሮዊንድ በ2002፣ ኦብሊቪየን በ2006፣ ስካይሪም በ2011 ወጡ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ተጫዋቹ የራሱን ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፣ ተዋጊ ወይም አስማተኛ ወይም ሌባ ይሆናል፣ ከዚያ በሰፊ ምናባዊ አገር ውስጥ ይለቀቃል። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚገባው በስካይሪም በር ነው፤ ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፣ በየመሣሪያው ዓይነት ደጋግሞ ከመውጣቱ የተነሣ መቀለጃ እስከመሆን ደርሷል። እኔም የገባሁት በዚያው በር ነው። በእኛ ከተሞች ፕሌይስቴሽን ቤት ከተባለ ኳስ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጌም የሚጫወት ሰው በየቤቱ ላፕቶፑን ታቅፎ ብቻውን ነው የሚያመሸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስካይሪም ውስጥ አንድ ሥራ ስትቀበሉ ከስክሪኑ አናት ካለው ኮምፓስ ላይ ምልክት ብቅ ይላል። እሱን ተከትላችሁ ትሄዳላችሁ። ደግሞ አንዴ የረገጣችሁት ቦታ ከሆነ ካርታውን ከፍታችሁ ጠቅ ታደርጉታላችሁ፣ እዚያው ናችሁ። ምልክቱም ጠቅ አድርጎ መድረሱም ኦብሊቪየን ላይም አለ። ሞሮዊንድ ውስጥ ግን ምልክት የለም። ጭራሽ! የላካችሁ ሰው መንገዱን በቃሉ ይነግራችኋል፣ የነገራችሁ በማስታወሻ ደብተራችሁ ይሰፍራል፣ ከዚያ ወዲያ እናንተና እግራችሁ ናችሁ።

ጌሙ ገና ሲጀመር ከባልሞራ ከተማ ወደ አንድ ጥንታዊ ፍርስራሽ ትላካላችሁ። ከከተማው ውጡ፣ ምሽጉን እለፉ፣ ጥንታዊውን ድልድይ ፈልጉ፣ ጥልቁን ሸለቆ ተሻገሩ፤ የሚነገራችሁ በዚህ ዓይነት ነው። ስትደርሱ ደግሞ በሩ አይከፈትም። በዙሪያው ስትንቆራጠጡ ቆይታችሁ ራቅ ብሎ ካለ ቧንቧ ላይ መዘውር ታያላችሁ፤ ስታዞሩት ያ ድንጋይ የመሰለ ክብ በር ይከፈታል። ምልክት አላሳያችሁም፤ ራሳችሁ ናችሁ ያገኛችሁት። ጮኼ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ይህ እኮ የጋይንት መንገድ ነው! ንፋስ መውጫ ላይ፣ አርብ ገበያ ላይ፣ ወገዳ ላይ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ አንድ አባት አግኝታችሁ ወደ ገጠሩ የሚወስደውን መንገድ ጠይቁ። «ዳገቱን ስትጨርስ ቤተ ክርስቲያኑ ይታይሃል፤ እሱን በግራህ ትተህ ቁልቁል ውረድ፤ ወንዙን ስትሻገር ዋርካ አለ፣ እዚያ ያሉትን ጠይቅ። ቅርብ ነው ልጄ።» የጎዳና ስም የለ፣ የቤት ቁጥር የለ፤ መሬቱን ራሱን እንድታነቡት ነው የሚነግሯችሁ። ያ «ቅርብ ነው» ደግሞ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ሞሮዊንድም ይህን ይችልበታል፤ አንዳንዱ የሰጣችሁን አቅጣጫ ተከትላችሁ ሄዳችሁ ምሥራቅ የተባለው ምዕራብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሌላው ተጫዋች በዚህ ሲናደድ እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። የስማዳ ቆላ ወርዶ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ገደል መንገድ የጠየቀ ሰው ይህ አይገርመውም።

ተራራውስ! የጌሙ አገር ቫርደንፌል የሚባል ደሴት ነው፤ መሐሉ ላይ ቀይ ተራራ የተባለ እሳተ ገሞራ ቆሟል። ከከተማ ወጥታችሁ ስትጠፉ ተራራው በየት በኩል እንደሆነ ካወቃችሁ አቅጣጫችሁን ታገኛላችሁ። ፋርጣ፣ እስቴና ላይ ጋይንት በየአቅጣጫው ቀና ብለው የሚያዩት ጉናም ይኸው ነው፤ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሣ፣ ርብና ጉማራን ወደ ጣና የሚልክ፣ እሱም በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ። ልዩነቱ ቀይ ተራራ አሁንም አመድ ይተፋል፤ የአመዱ ማዕበል ሲነሣ ሰዎቹ ክንዳቸውን ዓይናቸው ላይ ጋርደው ይሄዳሉ። ከ20 ዓመት በፊት የተሠራ ጌም ይህችን ታህል ነገር ማሰቡ!

አላበቃሁም። በጌሙ ያለው ቤተ መቅደስ ምእመናኑን ለጉዞ ይልካል። ከጉዞዎቹ አንዱ በዝምታ የሚደረግ ነው፤ ከአገሩ ሰሜን ወዳለ ደሴት ትሄዳላችሁ፣ በመንገድ ላይ ከማንም ጋር ቃል መለዋወጥ ክልክል ነው። ከተናገራችሁ ጉዞው ፈረሰ። አስቡት እስኪ፤ ጀልባ ለመሳፈር ባለ ጀልባውን ማናገር ሊያስፈልጋችሁ ነው! ስለዚህ ትዋኛላችሁ፣ ወይም በውኃ ላይ የሚያስኬድ አስማት ትፈልጋላችሁ። ጨጨሆን በእግሩ ወጥቶ ለመድኃኔ ዓለም ስለት ያደረሰ ሰው ይህን ተልዕኮ የጻፈውን ሰው አግኝቶ ቢያቅፈው ደስ ይለዋል። ስካይሪምም ወደ ተራራ አናት የሚያወጣ 7,000 ደረጃ የሚባልለት የጉዞ መንገድ አለው፣ ያምራልም፤ ግን እየተጫወታችሁ ምንም አትተዉም፣ ምንም አይቀርባችሁም።

ቴልቫኒ የሚባሉት አስማተኞች ደግሞ ግዙፍ እንጉዳይ አብቅለው ውስጡ ይኖራሉ፤ ደረጃ የላቸውም። ከፍ ካለው ክፍል ለመድረስ መብረር አለባችሁ። መብረር የማይችል ሰው እንግዳቸው እንዲሆን አይፈልጉማ! ይህ መብረር በኦብሊቪየን ጠፋ፤ ከተሞቹ ከውጭው ዓለም ተነጥለው በበር የሚገቡባቸው ስለሆኑ አጥር ዘልሎ የሚገባ ሰው ጌሙን ያበላሸው ነበር። ክህሎቱም እንዲሁ እየተመናመነ መጣ፤ ሞሮዊንድ 27፣ ኦብሊቪየን 21፣ ስካይሪም 18። ሞሮዊንድ ውስጥ ማንንም መግደል ትችላላችሁ፤ ለታሪኩ የሚያስፈልግ ሰው ከገደላችሁ ጌሙ የትንቢቱ ክር መበጠሱን ይነግራችሁና ወይ ወደኋላ ተመለሱ ወይ በተፈረደበት ዓለም ኑሩ ብሎ ይተዋችኋል። በስካይሪም እንዲህ ያለው ሰው ተንበርክኮ ትንፋሹን ይሰበስብና ተነሥቶ ይቀጥላል። አዋቂ አድርጎ የሚቆጥራችሁ የትኛው ነው?

እርግጥ የሚያስመርር ነገር አለው። ክሊፍ ሬሰር የሚባሉ የሚበሩ ፍጥረታት ከሰማይ እየወረዱ ነፍስ ያስጨንቃሉ፤ እነሱን የሠራቸውን ሰው አልወደውም። ጀማሪ ሳላችሁ ሰይፉ ጠላታችሁን ሲያልፈው በዓይናችሁ እያያችሁ «አልመታም» ይላል፤ መምታት አለመምታቱን የሚወስነው በክህሎታችሁና በድካማችሁ የሚሰላ ዕጣ ነው። በዚህ በኩል ስካይሪም እጅግ ይበልጣል። ድምፁም እንዲሁ፤ ከኦብሊቪየን ጀምሮ ሰዎቹ ሁሉ ይናገራሉ፣ ሞሮዊንድ አብዛኛውን ያስነብባችኋል። ግን ያ ጽሑፍ ነው አቅጣጫውን፣ ሐሜቱን፣ ታሪኩን እንዲያ እንዲበዛ ያደረገው፤ ለእያንዳንዷ ዐረፍተ ነገር ተዋናይ መክፈል ቢኖርባቸው ግማሹ አይጻፍም ነበር። ለእኔ ከድምፅ ንባቡ ይሻለኛል። ሙዚቃው ላይ አንከራከርም፤ የሦስቱም አቀናባሪ ጀረሚ ሶል ነው።

ኦብሊቪየን በኤፕሪል 2025 ፊቱ ታድሶ ዳግም ወጣ። ሞሮዊንድም ይታደስ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ እፈራለሁ። አድሰው ያንን ምልክት አናቱ ላይ ቢሰቅሉበትስ? ደግነቱ የጌሙ ወዳጆች ኦፕን ኤም ደብልዩ የተባለ ነፃ ሞተር፣ ማለትም ጌሙን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም፣ ሠርተውለታል፤ ዋናውን ጌም ለገዛ ሰው በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ያስኬድለታል። ሲወጣ 256 ሜጋ ባይት ራም የጠየቀ ጌም ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕ አይከብደውም፤ መብራት ሲሄድም ኢንተርኔት ሳይፈልግ ባትሪው እስኪያልቅ ትቀጥላላችሁ።

ስለዚህ የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ልጆች፣ ይህ ጌም የእናንተ ነው፤ ሌላው ዓለም ከረሳው ልማድ ጋር እናንተ አድጋችኋል። ጌሙ ሲጀምር ከመርከብ ወርዳችሁ ሰይዳ ኒን የምትባለው መንደር ስትደርሱ መፍትሔውን ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ። እስክሪብቶና ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ፤ ስትጠፉ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ፤ ገና ጀማሪ ሳላችሁ ግን እየሮጣችሁ ደክማችሁ ወደ ውጊያ አትግቡ፣ ሰይፋችሁ አንድም አይመታላችሁም።